አስተያየትሽ የራስሽ ይሁን

ልጄ፣

ያነበብሻቸውን መጻሕፍት የመዘገብሽበትን ደብተር አገላብጬ አየሁት። ልብ ወለድ አለ፣ ትርጉም አለ፣ ታሪክ አለ፣ ግጥምም አለ። በየርዕሱ ሥር «ደስ ይላል»፣ «ከባድ ነው»፣ «እንደተወራለት አይደለም» ብለሽ ጽፈሻል። በዚህ ዕድሜሽ ይህን ያህል ማንበብሽ አኩርቶኛል። በዚሁ ቀጥዪ። ስለ ፍርድሽ ግን የምመክርሽ አለኝ።

መጽሐፍን መውደድም መጥላትም መብትሽ ነው። ነገር ግን «ለምን?» ተብለሽ ስትጠየቂ ገጹን ገልጠሽ «እዚህ ላይ ነው» ማለት ካልቻልሽ፣ በእጅሽ ያለው ገና ስሜት ነው፤ አስተያየት አልሆነም። ስሜትን አልንቅም፤ መነሻው እሱ ነውና። ከዚያ ተነሥተሽ ምክንያቱን ፈልጊ። የትኛው ምዕራፍ ላይ መጽሐፉን ማስቀመጥ አቃተሽ? የትኛው ላይ ሰለቸሽ? ከሰዎቹ ማንን አመንሽ፣ ማንን ተጠራጠርሽ? ይህን ስትጽፊ አስተያየትሽ የራስሽ ይሆናል።

ከሁሉ በፊት አስተያየት ከሰው አትበደሪ። ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. ዴርቶጋዳን ሲያወጣ የሆነውን አስታውሳለሁ። የጣናን ገዳማት ከስለላና ከሳይንስ ጋር ያገናኘውን ታሪክ ወጣቱ እየተሻማ አነበበው፤ ከዚያ በፊት መጽሐፍ ነክተው የማያውቁ ልጆች ሳይቀሩ ሌሊቱን አነጉበት። ሌላው ወገን ደግሞ ተራ የጀብዱ ታሪክ ነው ብሎ አጣጣለው። ከሁለቱም ወገን መጽሐፉን ሳይገልጡ የሚፈርዱ ሰዎች አጋጥመውኛል። አንዱ ሁሉም ስለወደደው ወደደው፣ ሌላው ሁሉም ስለወደደው ጠላው። ሁለቱም የተናገሩት ስለ ሰዉ ነበር፤ ስለ መጽሐፉ አንድም ነገር አልነገሩኝም። አንቺ ከመጽሐፉ ጋር ለብቻሽ ተቀመጪ። የሰው ወሬ የሚደርስሽ ካነበብሽ በኋላ ይሁን።

ቀጥሎ፣ እያንዳንዱን መጽሐፍ በተነሣበት ዓላማ መዝኚው። በ1962 ዓ.ም. ሁለት ልብ ወለዶች ታትመው ነበር። አንዱ የበዓሉ ግርማ ከአድማስ ባሻገር ነው። አበራ ወርቁ የሚባል የመንግሥት ሠራተኛ በደመወዙና ሠዓሊ ለመሆን ባለው ምኞት መካከል ሲዋልል ያሳየናል፤ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ ንግግሩ ይፈጥናል፣ አዲስ አበባ ትታያለች። ሌላው የዳኛቸው ወርቁ አደፍርስ ነው። እሱ እንደ ተለመደው ተረት ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ሰዎቹ ረጅም ክርክር ይገጥማሉ፣ አማርኛውም ከገጠሩ ጥልቅ የተቀዳ ስለሆነ ከተማ ያደገ አንባቢ ቶሎ አይዘልቀውም። የመጀመሪያውን ብዙ ሰው በቀላሉ ለመደው፤ ሁለተኛው «አይገባም» እየተባለ ከረመ። ዛሬ ግን የአማርኛ ልብ ወለድን ቅርጽ የሚያጠኑ ሰዎች ወደ አደፍርስ ደጋግመው ይመለሳሉ።

አደፍርስን ከአድማስ ባሻገርን ስላልሆነ አትውቀሺው። ደራሲው ምን ሊሠራ ተነሣ? ሠራው ወይ? መሥራቱስ የሚገባ ነበር ወይ? እነዚህን ጠይቂ። ግለ ታሪክ ስታነቢ ጸሐፊው በዐይኑ ያየውንና ከሰው የሰማውን ለይቶ ነግሮኛል ወይ በዪ። የታሪክ መጽሐፍ ከሆነ ማስረጃው ከየት እንደመጣ ተመልከቺ። ግጥምን ድምፅ አውጥተሽ ሳታነቢ አትፍረጂበት። «ከባድ ነው» ብለሽ ከመጻፍሽ በፊት ደግሞ ክብደቱ ከማን እንደሆነ እወቂ። ደራሲው ሐሳቡን አድበስብሶት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ቃሉን አንቺ ገና አላወቅሽውም። በዚያው በ1962 የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ከአጠገብሽ አይራቅ።

ከዚያ ደግሞ በአስተያየትሽ ሥር ቀን ጻፊ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ሲተረክ፣ ፊደል ያልቆጠረው ሰው እንኳ ስለ ሰብለ ወንጌል አስተያየት ነበረው። እኔ በወጣትነቴ ያነበብኩት ለእሷና ለበዛብህ ስል ነው፤ ሌላው ሁሉ መንገድ የሚያረዝምብኝ ይመስለኝ ነበር። ጎልማሳ ሆኜ ስመለስበት ጉዱ ካሣ ጎልቶ ታየኝ፤ በዘርና በሹመት የተሸፈነውን ግፍ በግልጽ የሚናገር ሰው ለምን ጉድ እንደሚባል ገባኝ። ልጆች ካሳደግሁ በኋላ ደግሞ ወላጆቹን ማንበብ ጀመርኩ። የበዛብህ ወላጆች ቦጋለና ውድነሽ ልጃቸው በሕይወት እንዲያድግላቸው በገቡት ስእለት የልጁን ዕድሜ ሙሉ አሰሩት። የሰብለ ወንጌል አባት ፊታውራሪ መሸሻ ደግሞ ለልጃቸው የሚመጥን ዘር ሲያማርጡ ያለ ባል አስቀመጧት። ድሀውም ባላባቱም ልጁን ይወድዳል፤ ልጁን ግን አልጠየቀም። ለሦስቱም ንባቤ ከመጽሐፉ ገጽ የማሳይሽ ማስረጃ አለኝ። ስለዚህ ዛሬ «የፍቅር ታሪክ ነው» ብለሽ ብትጽፊ አልተሳሳትሽም። ከሥሩ ግን ለነገ ንባብሽ ባዶ ቦታ ተዪ።

የቆምሽበትንም ቦታ አትደብቂ። አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቼል በ1936 እ.ኤ.አ. ያሳተመችውን ረጅም ልብ ወለድ ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ ወደ አማርኛ መለሰው። ወረቀት ስላልነበረው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ጻፈው፤ በኋላም ነገም ሌላ ቀን ነው ተብሎ ታተመ። ጦርነት ያፈረሰውን ቤቷን ለማቆም የምትታገል ሴት ታሪክ፣ ነገ ስለ መኖሩ እርግጠኛ ላልሆነ እስረኛ ምን ማለት እንደነበረ አስቢው። ይህንኑ መጽሐፍ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን አንባቢዎች አጥብቀው ይወቅሱታል፤ ባርነትን አስውቧል፣ በባርነት የተያዙትንም በጌቶቻቸው ደስተኞች አድርጎ ሥሏል ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ መጽሐፉን ገልጠሽ ማየት ትችያለሽ። የእስረኛው ምስጋናም እውነት ነው። አንዱን ለማክበር ብለሽ ሌላውን አትካጂ። ሁለቱንም የያዘ አስተያየት መጻፍ ይቻላል፤ ይከብዳል እንጂ።

የደራሲውን ዕጣ ከመጽሐፉ ለይተሽ ማየትም ልመጂ። የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ ያዝናል፣ ማዘንም አለበት። ነገር ግን ኦሮማይን ሳያነቡ በዚህ ሐዘን ብቻ የሚያወድሱት ብዙዎች ናቸው። አንቺ አንብቢው። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም በቀይ ኮከብ ዘመቻ አሥመራ ከርሞ ያየው ነገር እምነቱን የት ላይ እንደነካው ተከታተዪ፤ የፊያሜታ ፍቅር ከጦርነቱ ታሪክ ጋር ተዋሕዷል ወይስ ተለጥፏል ብለሽ ጠይቂ። ደራሲው ዋጋ ለከፈለበት መጽሐፍ የምንሰጠው ክብር በትጋት ማንበብ ነው።

አሁን ደግሞ ከሰው ጋር ስትነጋገሪ። በንባብ ክበባችሁ አንዱ የወደድሽውን መጽሐፍ ቢያጣጥል ቶሎ አትቆጪ፤ «የቱ ጋ?» በዪው። ታላቅሽ ከሆኑ «እርስዎ የቱ ጋ ነው እንዲህ ያዩት?» ብለሽ በአክብሮት ጠይቂ። መልስ ካላቸው ትማሪያለሽ፤ መልስ ከሌላቸው ክርክሩ በራሱ ያበቃል። የሰውን ምርጫ ግን አትናቂ። የፍቅር ልብ ወለድ ብቻ የምታነብ እናት ምን ፈልጋ እንደምታነብ ብትጠይቂያት፣ ከብዙ ምሁር የማትሰሚውን ልትነግርሽ ትችላለች። ያልጨረስሽውን መጽሐፍ እስከየት እንዳነበብሽ ሳትናገሪ አትፍረጂበት። ሥራውን ተቺ፤ ሰውየውን፣ ቤተሰቡንና ብሔሩን ተዪ።

አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ። ለወዳጅሽ ብለሽ የሐሰት ምስጋና አትጻፊ። በየመጽሐፍ ምረቃው አዳራሽ ምስጋና ሞልቷል፤ የሚጎድለው በጥንቃቄ አንብቦ የሚናገር ሰው ነው። ያልተነገረው ጉድለት በሚቀጥለው መጽሐፍ ተመልሶ ይመጣል፤ ደራሲውም ምን እንደጎደለው ሳያውቅ ያረጃል። መጽሐፍ ዛሬ ውድ እንደሆነም አትርሺ። በአንቺ ቃል ተማምኖ ከምሳው ቀንሶ የሚገዛ ተማሪ አለ። «ግሩም ነው» ስትዪ በእሱ ኪስ እየተናገርሽ እንደሆነ አስቢ።

እንግዲህ ከደብተርሽ አንድ ያወደስሽውንና አንድ የጣልሽውን መጽሐፍ ምረጪና እንደገና አንብቢያቸው። ስለ እያንዳንዱ ግማሽ ገጽ ጻፊ፤ በእያንዳንዱ ላይ ቢያንስ ሁለት የገጽ ቁጥር ይኑርበት። የጣልሽው መጽሐፍ አሁንም ካላስደሰተሽ ፍርድሽን አጽኚ፤ አሁን ምክንያት አለሽና ማንም አያናውጥሽም። ካስደሰተሽ ደግሞ የድሮውን ሳትሰርዢ አዲሱን ከሥሩ ጻፊ። ጽፈሽ ስትጨርሺ አምጪልኝ፤ ባልስማማም «የቱ ጋ?» ብዬ እጠይቅሻለሁ፣ አንቺም ገጹን ታሳዪኛለሽ።