ሕመም ይመጸወታልን?

ሥር የሰደደ ሕመም የሚባለው ለረጅም ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜም ለዕድሜ ልክ፣ ከሰው ጋር የሚኖርና በሕክምና ቢገታም በአብዛኛው ፈጽሞ የማይወገድ ደዌ ነው። እንዲህ ያለ ደዌ የያዘው ሰው ለሌሎች ሕሙማን ገንዘብ ለማሰባሰብ ሲል ረጅም ተራራ ለመውጣት ሲነሣ፣ ድርጊቱ ከምስጋና በፊት ምርመራ የሚሻ የሥነ ምግባርና የሃይማኖት ጥያቄ ያስከትላል። የበጎ አድራጎት የተራራ ጉዞ አሠራር ግልጽ ነው፤ ተጓዡ ሐሳቡን አስቀድሞ ያስታውቃል፣ ወዳጅ ዘመዱና የሥራ ባልደረባው ገንዘብ ለመስጠት ቃል ይገባለታል፣ የተሰበሰበውም ለምርምር ወይም ለሕሙማን መርጃ ይውላል። በብሪታንያ ቤን ኔቪስን፣ ስካፌል ፓይክንና ስኖደንን በ24 ሰዓት ውስጥ መውጣት ለዚህ ዓላማ የተለመደ ሲሆን፣ ከዚያ የበለጠ የሚሹት ደግሞ 5,895 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ ኪሊማንጃሮ ይሄዳሉ። ይሁን እንጂ ለጋሹ ከቤቱ ሳይወጣ ሊሰጥ የሚችለውን ገንዘብ ለመስጠት የሌላ ሰው፣ ያውም የታመመ ሰው፣ መድከም ለምን እንደሚያስፈልገው ሲጠየቅ መልሱ እንደ አሠራሩ ግልጽ አይደለም።

ብዙዎች የሚሰጡት መልስ ድካሙ የቅንነት ምስክር ነው የሚል ነው። መስከረም 21 ቀን ለግሸን ማርያም በዓል ስንቁን ይዞ አምባውን በእግሩ የሚወጣ ምእመን ድካሙን እንደ መሥዋዕት እንደሚያቀርብ ሁሉ፣ ለበጎ አድራጎት የሚወጣውም እንዲሁ ያደርጋል ይባላል። ነገር ግን ሃይማኖቶቹ ራሳቸው የታመመ ሰው ሥቃይ እንዲጨመርበት አይሹም። የሐዋርያት ቀኖና ዐቢይ ጾምን ያልጾመ ካህን እንዲሻር ሲያዝ፣ የሰውነት ድካም የከለከለውን ግን ከቅጣቱ ነጻ ያደርገዋል፤ ቁርኣንም የታመመ ሰው የረመዳንን ጾም በሌላ ጊዜ እንዲተካ ይፈቅዳል። በቡኻሪና በሙስሊም የሐዲስ ስብስቦች እንደተመዘገበው ደግሞ፣ በእግሩ ለመሄድ ተስሎ በሁለት ልጆቹ ተደግፎ ሲንገዳገድ የታየውን ሽማግሌ ነቢዩ ሙሐመድ ሰውየው ራሱን ማሠቃየቱ አላህን የሚጠቅመው ነገር እንዳልሆነ ተናግረው በእንስሳ ላይ እንዲቀመጥ አዘውታል። በእርግጥ ገድላት ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ተጋድሎ፣ ማለትም ሥጋን ለነፍስ ለማስገዛት የሚደረግ ትግል፣ ይተርካሉ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት እግራቸው እስኪሰበር ድረስ ቆመው መጸለያቸው ለዚህ የታወቀው ምሳሌ ነው። ሆኖም ይህ ለቅዱሱ የተሰጠ ልዩ ጸጋ ሆኖ ይነገራል እንጂ ለምእመናን ሁሉ ሥርዓት ሆኖ አልተደነገገም።

ሥቃይ በራሱ ዋጋ ከሌለው፣ ቀጥሎ የሚመረመረው ጉዳይ ጉዞው ድፍረት ነው ወይስ ግዴለሽነት የሚለው ነው። አርስቶትል ድፍረትን በፍርሃትና በማናለብኝነት መካከል አስቀምጦ፣ መካከለኛው ስፍራ ለሁሉም አንድ እንዳልሆነ፣ እንደየሰውየው እንደሚለያይ አስተምሯል። ለዚህ ትምህርት ከሕመም የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ ማለትም በሽታ የመከላከል ሥርዓቱ የአንጎልንና የኅብለ ሰረሰርን ነርቮች ልባስ የሚያጠቃበት ደዌ፣ በእ.ኤ.አ. 1999 የተገኘባት አሜሪካዊቷ ሎሪ ሽናይደር በ2009 ኤቨረስትን ወጥታለች፤ በ2011 ደግሞ የዚሁ ደዌና የፓርኪንሰን ሕሙማን የሚገኙበትን ቡድን መርታ ወደ ኪሊማንጃሮ ሄዳለች። በአንጻሩ ሲክል ሴል የተባለው የደም ሕመም ያለበት ሰው፣ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ወደ ግማሽ በሚወርድበት በኪሊማንጃሮ ጫፍ፣ የኦክስጅን ማነስ ብቻውን ለብርቱ ሕመም ሊዳርገው ይችላል። የስኳር ሕመምተኛውም ኢንሱሊኑ በብርድ ቢረጋ መድኃኒቱ ከጥቅም ውጭ ይሆንበታል። ስለዚህ ያው መንገድ ለአንዱ የተመዛዘነ ድፍረት፣ ለሌላው ራስን መጉዳት ይሆናል፤ የሽናይደርን መውጣት ለሕሙማን ሁሉ መለኪያ አድርጎ ማቅረብም፣ ከአልጋው መነሣት ያቃተውን ሰው ያለ ጥፋቱ በስንፍና መክሰስ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ በኋላም ለጉዞው መሟገቻ የሚሆን ብርቱ ነጥብ አለ፤ እርሱም በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት ውስጥ ይገኛል። ጳውሎስ በምዕራፍ 8 ለኢየሩሳሌም ድሆች ገንዘብ ሲያሰባስብ፣ በመከራና በድህነት ውስጥ የነበሩት የመቄዶንያ ክርስቲያኖች በስጦታው ለመሳተፍ አጥብቀው እንደለመኑት ይናገራል። እርዳታ ተቀባይ መሆን የሚገባቸው ሰዎች ሰጪ ለመሆን መለመናቸው ከገንዘቡ መጠን የሚበልጥ ቁም ነገር ነው። ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው ዘወትር ሲታከም፣ ሲደገፍና ሲታዘንለት የሚኖር በመሆኑ፣ ጉዞው ይህን ስፍራ የሚለውጥበት አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። በዚያው መልእክት ምዕራፍ 12 ደግሞ ጳውሎስ ሦስት ጊዜ ለምኖ ያልተወገደለትን የሥጋ መውጊያ ያነሣል፤ ብዙ ተርጓሚዎች ይህን የሰውነት ሕመም እንደሆነ ይረዱታል። ሁለቱ ክፍሎች በመጀመሪያ የተለያዩ መልእክቶች ነበሩ የሚሉ ሊቃውንት ቢኖሩም፣ ዛሬ ባሉበት አቀማመጥ ሲነበቡ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፤ ጳውሎስ መውጊያውን ገንዘብ ለማሰባሰቢያ አላዋለውም። ስጦታውንም የሚመዝነው ሰው ባለው መጠን እንጂ በሌለው መጠን አይደለም።

በዚህ መለኪያ ሲታይ፣ ብዙ ጊዜ የተጓዡ ሆኖ የሚቆጠረው ጥፋት ከለጋሹ ዘንድ የሚገኝበት ሁኔታ አለ። ጫፍ ከደረስህ እሰጣለሁ የሚል ለጋሽ፣ ከመጨረሻው ሰፈር ሊመለስ የሚገባውን ሕመምተኛ በገንዘብ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ተጓዡ ከግማሽ መንገድ ቢመለስም የሚጸና ቃል የገባው ግን ሰውየው ሰውነቱን እንዲያዳምጥ ነጻ ይተወዋል። ስለዚህ ጉዞውን የሚያዘጋጁ ማኅበራት ቃሉ ከከፍታ ጋር እንዳይታሰር ማድረግ ይገባቸዋል። በኪሊማንጃሮ ላይ ሌላም የሚዘነጋ ወገን አለ፤ ድንኳኑን፣ ምግቡንና ውኃውን ተሸክሞ ከተጓዡ ቀድሞ የሚወጣው የታንዛንያ ሸክም ተሸካሚ ነው። የፓርኩ ደንብ ሸክሙን በ20 ኪሎ ግራም ቢወስነውም፣ ደሞዙና ልብሱ ለረጅም ዘመን የክርክር ምክንያት ሆነው ቆይተዋል። ለሕሙማን የተሰበሰበ ገንዘብ የዚህን ሰው ተገቢ ክፍያ አስቀርቶ የተገኘ ከሆነ፣ ምጽዋቱን የሰጠው ማን እንደሆነ ሒሳቡ እንደገና መሠራት ይኖርበታል።