ዜማው ምን አጠፋ?

መቱ፣ ጎሬ ወይም በደሌ በደርግ ዘመን የተማረ ሰው ካወቃችሁ አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ትዘምሩት የነበረውን ዜማ የደረሰው ማን ነው? ዜማውን ያንጎራጉርላችኋል። ስሙን ግን ያውቃል ብዬ አልወራረድም።

ዳንኤል ዮሐንስ ሐጎስ ይባላል። ግጥሙ የአሰፋ ገብረማርያም ተሰማ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1992 ብሔራዊ መዝሙራችን ነበር፤ ከዚያ የሰሎሞን ሉሉ ዜማ ተተካ (እኛ የዘመርነው ይሄኛውን ነው)። ከዳንኤል በፊት የነበረው የኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። ኬቮርክን የ«አርባ ልጆች» ታሪክ ሲነሳ ሰው ያነሳዋል። ዳንኤል ግን ከሥርዓቱ ጋር አብሮ ተጠቀለለ።

ይሄ ፍትሕ ነው?

«ኖታ ርዕዮተ ዓለም የለውም» ማለት ቀላል ነው። ኢሉባቦር ላይ ደግሞ ክርክሩ ያስኬዳል። ቤቱ በአፋን ኦሮሞ ያደገ የመቱ ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ፣ የአማርኛው ግጥም ሳይገባው ነው ዜማውን በቃሉ የያዘው። «ኅብረተሰብአዊነት» ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ድምፅ የት ጋ ከፍ እንደሚል ግን ያውቃል። ለሱ መዝሙሩ ማለት ዜማው ነበር።

ግን ልጇን ቀይ ሽብር የበላባት እናትስ? ያንን ዜማ ስትሰማ «ኖታው ንጹሕ ነው» ልበላት? ድምፅ የተሰማበትን ዘመን ይዞ ይቀራል። ዳግም አልሰማውም ብትል የምከራከርበት አፍ የለኝም። ደግሞስ፣ የመንግሥት መዝሙር የሚደርስ ሰው ለማን እንደሚደርስ ያጣዋል?

ቢሆንም አለመዘመር አንድ ነገር ነው፣ የደራሲውን ስም መጣል ሌላ። እንጀራዬ ኮድ መጻፍ ነው። የማያስፈልግ ፋይል ስናጠፋ ጊት ላይ ታሪኩ ይቀራል፦ ማን ጻፈው፣ መቼ፣ ማን አጠፋው። ይሄ ለጻፈው ሰው ክብር ብቻ አይደለም፤ የሚጠየቅ ሰው ሲፈለግም የሚገኘው እዚያው ነው። ስም የሌለው ሥራ አይመሰገንም፣ በወጉ አይወቀስምም። «የደርግ መዝሙር» ተብሎ ያልፋል፤ ደርግ ራሱ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ የደረሰው ይመስል።