ከጉድጓዱ በላይ መቀመጥ

ከምንኖርበት ሰፈር መግቢያ ላይ አንድ ጉድጓድ አለ። ክረምት ሲገባ ውሃ ይሞላና ኩሬ ይሆናል፤ በጋ ሲመጣ ደርቆ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ሚኒባሱ እዚያ ሲደርስ ረዳቱ፣ "በቃ እዚህ ውረዱ፣ ከዚህ ካለፍን ባሌስትራ መስበር ነው" ይላል። እኛም ደብተራችንን ብብታችን ውስጥ ሸጉጠን፣ ሱሪያችንን ሰብስበን፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልን እናልፋለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህን ጉድጓድ ለማስደፈን ክረምት ሳይገባ መዋጮ ይሰበሰብ ነበር። ከቤት ቤት እየዞሩ የሚሰበስቡት ሁላችንም "ጋሼ" የምንላቸው አንድ የሰፈራችን ሰው ነበሩ። ያን ጊዜ የሚነዱት አሮጌ ቪትዝ ነበር፤ ጉድጓዱ ላይ በደረሰች ቁጥር ሆዷ መሬት ይነካል። ጋሼ ገረጋንቲ የሚያመጣ ገልባጭ መኪና ይከራያሉ፣ አካፋ ይዘው ከእኛ ጋር ይደለድላሉ፣ ያልከፈለውን ሰው በስሙ እየጠሩ ያሳፍራሉ። ከዚያ ንግዱ ቀናቸውና ከፍ ያለ፣ ሰፊ፣ በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ገዙ። ሰፈርተኛው "እንኳን ደስ አለዎት" አላቸው፤ እኛም ከልባችን አልን። በሚቀጥለው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል መዋጮውን ለመጠየቅ በራቸውን ስናንኳኳ ግን፣ "ልጆቼ፣ ያ ጉድጓድ አሁንም አለ እንዴ?" አሉን።

ያሾፉብን መስሎን ተናደድን። በኋላ ተረጋግተን ስናስበው ግን አላሾፉም። እውነትም ረስተውት ነበር። በየቀኑ ሁለት ጊዜ በላዩ ያልፋሉ፤ ግን አይሰማቸውም።

ታዲያ ጥያቄያችን ይህ ነው፦ አንድ ሰው በላቡ ባገኘው ገንዘብ የወደደውን መኪና ቢገዛ ማንን በደለ? ማንንም ካልበደለስ፣ ያቺ "አሁንም አለ እንዴ" የምትል ቃል ለምን እንዲህ አቆሰለችን?

እስቲ በመጀመሪያ መኪናውን ራሱን እንመርምረው። በአገራችን "የመስክ መኪና" እንለዋለን፤ ስሙም ሲወጣለት እውነት ነበረው። ጂፕ የተሠራው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለወታደር ነው። ላንድ ሮቨር በ1948 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የታሰበው ለእንግሊዝ ገበሬ ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ብረት በራሽን ይታደል ስለነበር አካሉን በአሉሚኒየም ሠሩት። የላንድክሩዘር የመጀመሪያው ትውልድ በ1951 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ ወጥቶ ነው ጉልበቱን ያስመሰከረው። ሬንጅ ሮቨር እንኳን በ1970 እ.ኤ.አ. ብቅ ሲል ወለሉ ፕላስቲክ ነበር፤ ጭቃ ሲበዛበት በጎማ ውሃ ተለቆበት እንዲታጠብ። ዛሬ በዚያው ስም በሚሸጠው መኪና ወለል ላይ ውሃ የሚለቅ ሰው ቢገኝ ጸበል ይወሰዳል።

ከመስክ ወደ ከተማ ማን አመጣው? በከፊል ሕግ ነው። ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ አሜሪካ በ1975 እ.ኤ.አ. የመኪናዎችን የነዳጅ ፍጆታ የሚገድብ ሕግ አወጣች። ሕጉ በቤት መኪና ላይ ሲጠብቅ በፒካፕና በመሰሎቹ ላይ ላላ፤ የገበሬና የሠራተኛ መሣሪያ ናቸው ተብሎ። ፋብሪካዎቹ ሞኞች አይደሉም፤ በፒካፕ ሻንሲ ላይ የቤተሰብ ወንበር ደረደሩ። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው ፎርድ ኤክስፕሎረር እንዲህ ያለ ነበር። ለገበሬ በተከፈተው ቀዳዳ ከተሜው ገባ ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የኃይል ኤጀንሲ እንዳስታወቀው፣ በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከተሸጡት መቶ መኪናዎች 48ቱ የዚህ ዝርያ ናቸው። አብዛኞቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከአስፋልት አይወርዱም።

ወደ እኛም ከተማ መጥቷል። አዲስ አበባ ላይ "ቪኤይት" ሲባል የማያውቅ ልጅ የለም። ቪኤይት የሞተር አሠራር እንጂ የመኪና ስም አይደለም፤ ስምንት ሲሊንደር አራት አራት ሆኖ በቪ ቅርጽ ሲደረደር ነው። ቶዮታ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ላንድክሩዘር ስምንቱን ወደ ስድስት አውርዶታል። ስሙ ግን ከአፋችን አልወረደም፤ ምክንያቱም በእኛ አነጋገር ቪኤይት ሞተር ሳይሆን ማዕረግ ነው። "እገሌ እኮ ቪኤይት ይዟል" ከተባለ በኋላ ሌላ ጥያቄ የለም፤ ሁሉም ገብቶታል።

በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ሲነገር፣ ከእኛ መካከል ነገሩ አከተመ ያለ ነበር። አላከተመም። ዛሬ በየመንገዱ ከምናያቸው ኤሌክትሪኮች ብዙዎቹ ያው ከፍ ከፍ ያሉት ናቸው፤ አይዲ ፎር የሚባለው ቮልስዋገን ባትሪውን ተሸክሞ 2 ቶን ገደማ ይመዝናል። ጭሱ ቀረ እንጂ ቁመቱና ክብደቱ አልቀረም። ስለዚህ ጥያቄያችን የጭስ ብቻ አይደለም።

ፍርድ እንዳናጣምም ግን የሌላውንም ወገን ክርክር እንስማ። መኪናው በራሱ ክፉ አይደለም። ኮሮኮንች በሆነ ወረዳ ምጥ የያዛትን እናት ወደ ሆስፒታል የሚያደርሰው አምቡላንስ ብዙ ጊዜ ላንድክሩዘር ነው፤ እሱን የሚነቅፍ ሰው የሴት ልጅ አይደለም። ደግሞ ከተማው ውስጥ ያለው ገዢ፣ "መንገዱን አይታችሁታል? ልጆቼን በምን ልውሰዳቸው? አደጋው በዝቷል፣ ትንሽ መኪና ውስጥ አስቀምጬ ልግደላቸው?" ይላል። የአባት ፍቅር ነውና መሳቅ አይገባም።

ይህን ክርክር ስንጨቃጨቅበት ፊዚክስ የሚያጠና ጓደኛችን ጠመኔ አንሥቶ ሰሌዳው ላይ እንዲህ አሰላልን። 2,700 ኪሎ የሚመዝን ላንድክሩዘርና 900 ኪሎ የሚመዝን ቪትዝ፣ ሁለቱም በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየበረሩ ፊት ለፊት ተጋጭተው ቢጣበቁ፣ ተያይዘው በላንድክሩዘሩ አቅጣጫ በ25 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይሄዳሉ። ትልቁ ውስጥ ያለው ሰው ከ50 ወደ 25 ይወርዳል፤ ለውጡ 25 ነው። ትንሿ ውስጥ ያለው ግን 50 ወደፊት ሲሄድ የነበረው በአንዲት ቅጽበት 25 ወደኋላ ይወረወራል፤ ለውጡ 75 ነው። "በቃ ይሄው ነው" አለን ጠመኔውን ጥሎ። "አባትየው ለልጁ የገዛው ደህንነት ከሰማይ አልወረደም። ከፊት ለፊቱ ከሚመጣው ሰው ልጅ ላይ ተቆርጦ የተወሰደ ነው።"

ያኛውም አባት ልጁን ይወዳል። ስለዚህ እሱም ነገ ከባዱን ይገዛል፣ ካልተቻለው ይበደራል። ሁሉም ከገዛ በኋላ ሁለቱ እንደገና እኩል ይሆናሉ፤ ያልገዛው እግረኛ ብቻ ከታች ይቀራል። በከተማችን በመኪና አደጋ ከሚሞተው አብዛኛው ደግሞ እግረኛ ነው። በአሜሪካ የመንገድ ደህንነትን የሚያጠናው የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ተቋም በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ የኮፈኑ ቁመት ከአንድ ሜትር የሚያልፍ መኪና ኮፈኑ ዝቅና ዘንበል ካለው ይልቅ የሚገጨውን እግረኛ የመግደሉ ዕድል በ45 በመቶ ገደማ ይበልጣል። አጭሩ መኪና እግር ይመታል፤ ረጅሙ ደረት ይመታል። ልጅ ከሆነ ደግሞ ራስ።

እንግዲህ ጋሼ ማንንም አልገጩም፤ ወደፊትም እንዳይገጩ እንጸልያለን። የእኛ ቁስል ሌላ ነው። እሱን ለመረዳት አንድ መጽሐፍ ረዳን። አልበርት ሂርሽማን የተባለው የኢኮኖሚ ሊቅ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው ከናይጄሪያ የባቡር አገልግሎት ተነሥቶ አንድ ነገር አስተዋለ። የባቡሩ አገልግሎት እየተበላሸ ሲሄድ የጭነት መኪና ተፎካካሪ መጣበት። ፉክክር ስላለ ባቡሩ ይሻሻላል ተብሎ ይጠበቅ ነበር፤ ግን አልተሻሻለም። ለምን ቢሉ፣ በብልሽቱ ከሁሉ በላይ የሚጎዱት፣ ስለዚህም ከሁሉ በላይ ሊጮኹ የሚችሉት ደንበኞች ዕቃቸውን በመኪና ጭነው ሄዱ። የቀሩት ድምፃቸው የማይሰማ ነበሩ። ሰው የጋራ ነገር ሲበላሽበት ወይ ይናገራል ወይ ይወጣል፤ መውጫው ሲመቻች አንደበቱ ይዘጋል።

የሰፈራችን ነገር ቁልጭ ብሎ ታየን። ጋሼ የጉድጓዱ ድምፅ ነበሩ። ክፍለ ከተማ ሄደው የሚጮኹ፣ ስልክ የሚደውሉ፣ ሰው የሚያውቁ እሳቸው ነበሩ። ከፍ ያለውን መኪና ሲገዙ ጉድጓዱ አልተደፈነም፤ እሳቸው ከጉድጓዱ በላይ ተቀመጡ እንጂ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር፣ ውሃ ሲጠፋ ትልቅ ሮቶ፣ ትምህርት ቤቱ ሲወድቅ የግል ትምህርት ቤት የምንለውም ያው ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ብልህነት ነው፤ ማንም አይወቅሰውም። ሲደመር ግን መጮህ የሚችለው ሁሉ ወጥቶ፣ ችግሩ መጮህ ከማይችለው ጋር ይቀራል። ታዲያ ጋሼ የበደሉን በመግዛታቸው አይደለም። በመርሳታቸው ነው። መኪናውም ከሸጠላቸው ነገር ሁሉ ውዱ ይህ መርሳት ነበር።

በቀድሞ ዘመንም ከፍታ የማዕረግ ምልክት እንደነበረ እናውቃለን፤ ባለ በቅሎው ከላይ፣ አጃቢው በእግሩ። ያንን ዘመን አናሞግሰውም። ይሁንና በቅሎ የምትረግጠው እግረኛው የሚረግጠውን ጭቃ ነበር፤ ባለ በቅሎውም ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ፣ ከሚያከብረው ሰው ጋር ሲገናኝ ይወርድ ነበር። መውረድ ወግ ነበረው። የዛሬው ከፍታ መውረጃ ወግ ገና አልወጣለትም። መስተዋቱ ጥቁር ነው፤ ሰላም ብንል እንኳን መስማታቸውን አናውቅም።

እዚህ ላይ ራሳችንን ካልመረመርን ጽሑፋችን ሐሜት ይሆናል። አምና ለጥናት ወደ ገጠር ስንወጣ ለሁለት ቀን እንዲህ ያለ መኪና ተሰጥቶን ነበር። መስኮቱን ዘግተን፣ ሙዚቃ ከፍተን፣ ፒስታውን ስንበርበት ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች አቧራችን ውስጥ ገብተው ቀሩ። አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሲያደርጉ በመስተዋት አየናቸው። ከመካከላችን ሾፌሩን "ቀስ በል" ያለ የለም። እንዲያውም አንዳችን፣ "አቦ! መኪና ማለት ይሄ ነው!" አለ። የሄድነው ስለ ገጠር ሕይወት ልናጠና ነበር። ጋሼን ለመሆን ሁለት ቀን በቃን።

ምን ይደረግ ለሚለን ሰው፣ ሕግ የሚያደርገው አለ። ፓሪስ በየካቲት ወር 2024 እ.ኤ.አ. ሕዝቧን ጠይቃ፣ ከውጭ የሚመጣ ከባድ መኪና መሀል ከተማ ለማቆም በሰዓት 18 ዩሮ እንዲከፍል ወስናለች። ግን ድምፅ ለመስጠት የወጣው ከመቶ መራጭ ስድስት እንኳን አይሞላም። ሕግ በክብደት ላይ ዋጋ ይቆርጣል፤ ማስታወስን ግን አያስገድድም። እሱ የእያንዳንዱ ሰው የቤት ሥራ ነው።

ክረምቱ እየመጣ ነው። አምና መዋጮው ለአንድ ገልባጭ ብቻ በቅቶ ጉድጓዱን በግማሽ ነው የደፈንነው። በሚመጣው ቅዳሜ ጋሼ ቤት እንደገና እንሄዳለን። ገንዘብ ልንጠይቅ አይደለም። "ጋሼ፣ አሁንም አለ፤ እስቲ በእግርዎ ይምጡና አብረን እንየው" ልንላቸው ነው። ይምጡ አይምጡ አናውቅም። የምናውቀው፣ ከእኛ አብዛኞቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደመወዝተኛ እንደምንሆን፣ አንዳንዶቻችንም ከፍ ያለውን መኪና እንደምንገዛ ነው። ያን ጊዜ ሱሪያቸውን የሰበሰቡ ልጆች የእኛን በር ያንኳኩ ይሆናል። ምን እንደምንመልስላቸው ከአሁኑ እንነጋገርበት።