ሲመለሱ በቤቱ ውስጥ ማን ነበር?

እስቲ ዛሬ በሐሳብ ወደ ሰሜን ምዕራብ ጣሊያን እንሻገርና አንድ የእግር መንገድ አብረን እንውጣ። ከቶሪኖ ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ የፔሊቼ ወንዝ ከአልፕስ ተራሮች የሚወርድበት ሸለቆ አለ። ቶሬ ፔሊቼ ከምትባለው ትንሽ ከተማ ተነሥተን የአንግሮኛን ጅረት ሽቅብ ስንከተል መንገዱ በጫካና በግጦሽ መስክ መካከል፣ በድንጋይ በተሠሩ የጥንት መንደሮች አጠገብ ያልፋል። በየመታጠፊያው አቅጣጫ የሚያሳይ ምልክት ተተክሏል። ብዙ ሰዎች ንጹሕ አየር ፍለጋ፣ ለሽርሽር ብለው ይሄዱበታል። መንገዱ ግን ከሽርሽር ያለፈ ታሪክ አለው።

እነዚህ መንደሮች የዋልደንሳውያን መንደሮች ናቸው። በ12ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በሊዮን ከተማ የነበረ ዋልዶ የተባለ ነጋዴ ሀብቱን ለድሆች አከፋፈለ፤ የቅዱሳት መጻሕፍትን ክፍሎች ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ አስተርጉሞ መስበክ ጀመረ። ተከታዮቹ ተወግዘው ሲሳደዱ ከተጠለሉባቸው ስፍራዎች አንዱ ይህ ሸለቆ ነው። ሰባኪዎቻቸውን “ባርባ” ይሏቸው ነበር። ትርጉሙ በአካባቢው አነጋገር “አጎት” ማለት ነው፤ እኛ “ጋሼ” እንደምንለው ያለ የአክብሮትና የፍቅር ጥሪ ነው። ባርባዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ብዙ ጊዜም ነጋዴ መስለው፣ ከመንደር መንደር በእግራቸው ይዞሩ ነበር።

መንገዱን ስንቀጥል ጎንበስ ብለው የሚገቡበት ዋሻ እናገኛለን። በስደት ዘመን ምእመናን በዚያ ተደብቀው ያመልኩ እንደነበር ይተረካል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ሻንፎራን የሚባል ቦታ ላይ የመታሰቢያ ሐውልት ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1532 በዚያ ተሰብስበው ከተሐድሶ እንቅስቃሴ ጋር ለመተባበር ወሰኑ፤ መጽሐፍ ቅዱስም በፈረንሳይኛ እንዲተረጎም ገንዘብ አዋጡ። ኦሊቬታን የተረጎመው ያ መጽሐፍ ቅዱስ በ1535 ታተመ። አስቡት፤ የድሃ ተራራ መንደር ገበሬዎች ናቸው ለሕትመቱ ያዋጡት።

የመከራቸው ታሪክም በዚሁ ሸለቆ ተጽፏል። በሚያዝያ 1655 የሳቮይ መስፍን ወታደሮች በየቤቱ ተመድበው ገቡ፤ ከዚያም ባስተናገዷቸው ሰዎች ላይ ተነሥተው ሕፃን ሽማግሌ ሳይለዩ ፈጁ። በ1686 ደግሞ እምነታቸው ፈጽሞ ተከለከለ። በሺዎች የሚቆጠሩ በየምሽጉ ታስረው ብዙዎች በረሃብና በበሽታ አለቁ። የተረፉት በክረምት ብርድ ተራራውን አቋርጠው ጄኔቫ ገቡ። ቤታቸውና እርሻቸው ከሌላ አካባቢ ለመጡ የካቶሊክ ሰፋሪዎች ተሰጠ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በነሐሴ 1689 ዘጠኝ መቶ የሚሆኑ ሰዎች በሌሊት የጄኔቫን ሐይቅ ተሻግረው ወደ አገራቸው ጉዞ ጀመሩ። መሪያቸው ሄንሪ አርኖ የተባለ መጋቢ ነበር። መሣሪያ ታጥቀው፣ እየተዋጉ፣ ሁለት ሳምንት ያህል በተራራ ተጉዘው ሸለቋቸው ደረሱ። ከቦቢዮ መንደር በላይ ሲቦ በሚባል ስፍራ እርስ በርስ ላለመካካድ ማሉ። ክረምቱን ባልሲሊያ በተባለ ተራራማ መንደር መሽገው አሳለፉ፤ በግንቦት 1690 የፈረንሳይ ጦር ከብቦ ሊጨርሳቸው ሲል በጭጋግ ተከልለው በሌሊት አመለጡ። “የክብር መመለስ” ተብሎ የሚጠራው ይህ ጉዞ ነው። ዛሬ የእግር ተጓዦች ፈለጉን ተከትለው ይሄዱበታል።

ይህን ታሪክ በአንድ የወጣቶች ትምህርት ላይ ስሜቴ ተነክቶ ተርኬው ነበር። ወጣቶቹም “አሜን” እያሉ ይሰሙ ነበር። ስጨርስ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት እህት እጇን አወጣች። “መምህር፣ ሲመለሱ በቤታቸው ውስጥ ማን ነበር?” አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። “ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ጊዜ ስለሌለን በሌላ ቀን እንመለስበታለን” ብዬ ወደ ጸሎት ገባሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጊዜ ነበረን። ያጣሁት ድፍረት ነው።

ቤቴ ገብቼ ማንበብ ጀመርሁ። በቤቶቹ ውስጥ ሰፋሪዎቹ ነበሩ። ልጆችና እናቶች ያሏቸው፣ አብዛኞቹ ራሳቸው ድሆች የነበሩ ገበሬዎች። በሲቦ ማሕላ ሰሞን ዋልደንሳውያኑ ቦቢዮ ላይ ወርደው ሰፋሪዎቹን አባረሩ፤ መንደሩንም ዘረፉ። በጉዟቸው ላይ የማረኳቸውን ወታደሮች ማቆያ ስለሌላቸው ገደሏቸው። ይህን ያወቅሁት ከጠላቶቻቸው ክስ አይደለም። ዘመቻውን ከራሳቸው ወገን ሆነው የጻፉት ሰዎች ሳይሸሽጉ ተርከውታል።

አንዳንዶቻችሁ “ታዲያ ገዳይና ተገዳይ እኩል ናቸው ልትል ነው?” ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። አይደሉም። ከቤቱ በግፍ የተነቀለ ሰው ወደ ቤቱ የመመለስ መብት አለው። የ1655ን እልቂት ከ1689 ጋር አንድ ሚዛን ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ፍርድ ያጣምማል። ነገር ግን የቤቴ ባለቤትነት እጁን በሰጠ ምርኮኛ ነፍስ ላይ ሥልጣን አይሰጠኝም። ተበዳይ መሆኔም የማደርገውን ሁሉ ቅዱስ አያደርገውም። ለእኛ የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው፦ የአባቶቻችንን ቁስል ስናስታውስ አባቶቻችን ያቆሰሉትን መርሳት ይፈቀድልናል? የእነርሱስ መከራ በእኛ እጅ ምን ሊሠራ ይገባዋል?

ከዋልደንሳውያን ልጆች የተማርሁት ነገር እዚህ ላይ ረዳኝ። በሰኔ 2015 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በቶሪኖ ወደሚገኘው የዋልደንሳውያን ቤተ ክርስቲያን ሄደው ስለ ቀድሞው በደል ይቅርታ ጠየቁ። በዚያው ዓመት የተሰበሰበው ሲኖዶስ ልመናውን በአክብሮት ተቀበለ። ሆኖም በደም ዋጋ በከፈሉት ሰዎች ቦታ ቆመን፣ በእነርሱ ፋንታ ይቅር ማለት አንችልም የሚል መልስ ሰጠ። መጀመሪያ ሳነበው ጭካኔ መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ትሕትና ሆኖ አገኘሁት። የሟቾቹ ቁስል የእነርሱ ነው፤ እንደ ርስት ወርሰን እንደፈለግን የምንመነዝረው ገንዘብ አይደለም።

እስቲ ይህን ሐሳብ አንድ እርምጃ እንውሰደው። በሞተው ሰው ስም ይቅር ማለት ካልቻልሁ፣ በእርሱ ስም መበቀልስ እንዴት እችላለሁ? ለምሕረት ያልተሰጠኝ ውክልና ለበቀል ከየት መጣ? የሟቾቹን ጉዳይ በጽድቅ የሚፈርድ አንድ አምላክ አለ፤ ክሱም ፍርዱም በእርሱ እጅ ነው። ለእኔ የቀረልኝ በራሴ ላይ የደረሰውን ይቅር ማለት፣ ግፍን ግፍ ብሎ መናገር፣ ከእነርሱም መከራ ምሕረትን መማር ነው።

መጽሐፍ ቅዱስም መከራን እንድናስታውስ የሚያዝዘን በዚህ መንገድ ነው። እስራኤል በግብፅ እንግዳና ባሪያ እንደነበረ እንዲያስታውስ ተደጋግሞ ተነግሮታል። ለምን? በመካከሉ የሚኖረውን እንግዳ እንዳያስጨንቅና እንደ ራሱ እንዲወደው ነው (ዘጸአት 23፥9፤ ዘሌዋውያን 19፥34)። ያ ትዝታ ለሌላው ሰው ጥላ እንዲሆን ተሰጠ። ነህምያ ምዕራፍ 9ንና መዝሙር 106ንም አንብቡ። ሕዝቡ በጸሎት ቆሞ የአባቶቹን ኃጢአት አንድ በአንድ ይቈጥራል። አባቶቹን ስለጠላ አይደለም። የሚመካው በአባቶቹ ንጽሕና ሳይሆን በእግዚአብሔር ምሕረት ስለሆነ መደበቅ አያስፈልገውም።

ወደ ራሳችን እንምጣ። እኛ የወንጌል አማኞችም የስደት ታሪክ አለን። በደርግ ዘመን የጸሎት ቤቶች ሲዘጉ ወላጆቻችን በየቤቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዘምረዋል፤ ታስረዋል፤ ተገርፈዋል። ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ተገድለዋል። ይህን መርሳት ውለታ ቢስነት ነው። ነገር ግን “መናፍቅ” ተብለን የተገፋን እኛ ዛሬ የጎረቤታችንን እምነት በመድረክ ላይ ስናላግጥበት፣ ያ መከራ ምን አስተማረን? ከቤተ ክርስቲያን ውጭም ይህ ፈተና ይጠብቀናል። ዛሬ በአገራችን እያንዳንዱ ወገን የራሱን ቁስል ቈጥሮ ይዟል። በየስልካችን የሚደርሰን ሥዕልና ቪዲዮ የእኛን ሙታን ያሳየናል፤ የእነዚያን እናት ልቅሶ ግን አያሰማንም። ወጣት ሆይ፣ እነዚህን ለሌላ ሰው ከመላክህ በፊት ያቺ እህት የጠየቀችኝን ጠይቅ፦ በቤቱ ውስጥ ማን ነበር?

በእነዚያ ሸለቆዎች በየዓመቱ የካቲት 16 ምሽት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ በየኮረብታው እሳት ይነድዳል። በማግስቱ፣ የካቲት 17 ቀን፣ በ1848 ንጉሥ ካርሎ አልቤርቶ የዜግነት መብት የሰጣቸውን ያስቡበታል። በአንድ ወቅት ሰባኪዎቻቸው በእሳት ይቃጠሉ ነበር። አሁን እሳቱን ልጆች ከብበው ይዘምራሉ።

የእናንተም የወጣቶች ኅብረት ወደ ገጠር ጉዞ ሲያዘጋጅ፣ ከፎቶውና ከመዝሙሩ ጋር አንድ ነገር ጨምሩበት። ከምታልፉበት መንደር ሽማግሌ ወይም ባልቴት አጠገብ ቁጭ በሉና “አባባ፣ እማማ፣ በዚህ መንገድ ማን አለፈ? ማንስ ተባረረበት?” ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ የእናንተን ወገን የሚነካ ቢሆንም አታቋርጡ፤ እስከ መጨረሻው ስሙ። እኔም ለዚያች እህት “በሌላ ቀን” ያልሁትን መልስ በሚቀጥለው ሳምንት በክፍሉ ፊት ቆሜ ሰጠኋት፤ ስላመለጥኋትም ይቅርታ ጠየቅኋት። ከዚያ በኋላ አብረን ጸለይን፤ በዚያ ቀን “አሜን” ያልነው ግን ቀስ ብለን ነበር።