ጠበቃውና የነገው ችሎት

ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች! ጥብቅና በእስልምና የተነወረ ሙያ አይደለም። ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) ወደ ፈርዖን ሲላኩ አንደበተ ርቱዕ የሆኑት ወንድማቸው ሃሩን እንዲያግዟቸው አላህን (ሱ.ወ) ለምነዋል። ዐሊይ ኢብን አቢ ጧሊብም (ረ.ዐ) በክርክር ጉዳይ ወንድማቸውን ዐቂልን ይወክሉ እንደነበር የፊቅህ ሊቃውንት ይጠቅሳሉ። መናገር ለማይችል መናገር መልካም ሥራ ነው። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 20 ለተከሰሰ ሰው በጠበቃ የመወከል መብት ሰጥቶታል።

ታዲያ አደጋው የቱ ላይ ነው? ጠበቃው ሐቁን እያወቀ ለሐሰት ልብስ ሲያለብስላት ነው።

በመዲና የሆነውን እናስታውስ። ከበኑ ኡበይሪቅ ወገን የሆነ ሰው የጦር ጥሩር ሰረቀ። ብዙ የተፍሲር ዘገባዎች እንደሚሉት ስርቆቱ በአንድ አይሁዳዊ ላይ ተላከከ። የሌባው ወገኖች ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ቀርበው ተሟገቱለት። ያን ጊዜ በሱረቱ ኒሳእ ከ105ኛው ጀምሮ ያሉት አንቀጾች ወረዱ። ለከዳተኛ መሟገትን ከለከሉ፤ የራስን ኃጢአት በንጹሕ ሰው ላይ መጣልንም አወገዙ። ልብ በሉ! ሌባው ከሙስሊሞች ጋር የተቆጠረ፣ የተወነጀለው አይሁዳዊ ነበር። ቁርኣን ግን ከወገን ይልቅ ሐቅን አስቀደመ።

«ታዲያ ጥፋተኛ ጠበቃ አይቁምለት?» የሚል ይኖራል። ይቁምለት እንጂ! ማስረጃው በአግባቡ እንዲመዘን፣ ቅጣቱም ከልኩ እንዳያልፍ መከራከር ፍትሕን ማገዝ ነው። የሐሰት ምስክር ማሰልጠን፣ ሰነድ መፈልሰፍ፣ ድሃው ተሰላችቶ እስኪተው ድረስ ቀጠሮ ማራዘም ግን ዙልም ነው።

ባለጉዳዩም ከተጠያቂነት አያመልጥም። የእህቱን የውርስ ድርሻ ለማስቀረት ብልጥ ጠበቃ የሚፈልግ ወንድም፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ ያስታውስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰው እንደመሆናቸው በሰሙት እንደሚፈርዱ ገልጸው፣ በንግግር ችሎታው የሌላው ሐቅ የተፈረደለት ሰው የወሰደው የእሳት ቁራጭ መሆኑን አስጠንቅቀዋል። የነቢዩ ፍርድ እንኳ ሐራሙን ሐላል ካላደረገ የዛሬው ዳኛ ማኅተም እንዴት ያደርገዋል?

ስለዚህ ጠበቃ ሆይ! ደንበኛህ የሰው ሐቅ ይዞ ሲመጣ መልስ በለው። ክፍያው ዛሬ ያልቃል፤ የነገው ችሎት ግን ይግባኝ የለውም።

አላህ ለሐቅ ከሚቆሙት ያድርገን። አሚን።