ስጦታና ውለታ

ሰው ለተቸገረ ሰው ሲሰጥ ራሱ ምን ያገኛል? ጥያቄው ተገልብጦ የቀረበ ሊመስል ይችላል። የለመድነው ተቀባዩ ምን እንዳገኘ መጠየቅ ነውና። ይሁን እንጂ ምጽዋትን የመሰለ በባህላችንም በሃይማኖታችንም የከበረ ነገር ሲመረመር፣ ሰጪው ይዞት የሚሄደውንም ማየት ተገቢ ይመስለኛል።

አማርኛችን ለማኙን «የኔ ቢጤ» ይለዋል። እኔን የሚመስል፣ የእኔው አቻ ማለት ነው። ወር በገባ በ19 ብስራተ ገብርኤልን ሊሳለም የሚሄድ ምእመን በደጁ የተቀመጡትን የሚጠራቸው በዚሁ ስም ነው። ቃሉ የሰጪውን ትዕቢት አስቀድሞ ለመስበር የተበጀ ይመስላል፤ ዛሬ አንተ፣ ነገ እኔ እንደማለት። ለመሆኑ ቃሉን በአፋችን ይዘን አቻነቱን ግን አልዘነጋነውም?

ይህን ጥያቄ ያጫረብኝ በዚያው በብስራተ ገብርኤል ሰፈር፣ በአንድ የኪራይ ግቢ ውስጥ ያየሁት ትምህርት ቤት ነው። ኦቲዝምና የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች ያስተምራል፤ የሚተዳደረውም በበጎ አድራጊዎች መዋጮ ነው። በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ መምህርቷ አሥር ዓመት ለሚሆነው ልጅ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ታስተምራለች። ግድግዳው ላይ የልጁ የዕለት ውሎ በሥዕል ተደርድሯል፤ እጅ መታጠብ፣ ቁርስ፣ ትምህርት፣ ጨዋታ። አንዱ ሲያልቅ ሥዕሉ ይነሳል። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቅ ትልቅ እረፍት ነው፤ ድንገተኛ ለውጥና ጩኸት ደግሞ ብዙዎቹን ክፉኛ ያስጨንቃል።

እኩለ ቀን ሳይሞላ የልደት በዓላቸውን ከልጆቹ ጋር ሊያከብሩ የመጡ እንግዶች ኬክና ለስላሳ ይዘው ገቡ። ትምህርቱ ተቋረጠ። ልጆቹ አዳራሽ ተሰብስበው ዘመሩ፤ ሙዚቃ ተከፈተ፤ ፎቶግራፍ ተነሣ። የሸሚዙ ልጅ ግን ሁለት ጆሮዎቹን ይዞ ጠረጴዛ ሥር ገባ። እንግዶቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ከመካከላቸው ያለቀሱም ነበሩ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ መምህርቷን ምን እንደተሰማት ጠየቅኋት። «አልወቅሳቸውም፤ ኪራዩን የሚከፍሉልን እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው። እኛ ግን ነገ ቁልፉን እንደ አዲስ እንጀምራለን» አለችኝ።

እንግዲህ ጎብኚ አይምጣ ልንል ነው? አይደለም። እንዲህ ያሉ ልጆች በእርግማን ሰበብ ጓዳ ተዘግቶባቸው ኖረዋል፤ ዛሬም የሚዘጋባቸው አሉ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ2021 በኮቪድ-19 እስካረፉ ድረስ የታገሉትም ልጆቹ ከጓዳ ወጥተው በአደባባይ እንዲታዩ ነበር። መታየት ይገባል። ነገር ግን መታየት ሌላ፣ ለትርኢት መቅረብ ሌላ። የመጀመሪያው ለልጁ ይጠቅማል፤ ሁለተኛው የጎብኚውን ልብ ደስ ያሰኛል።

«ገንዘቡን የሚሰጠው ሰው ፍሬውን ማየት የለበትም ወይ?» የሚል ይኖራል። አለበት። የሒሳብ መዝገቡን ይጠይቅ፤ ደመወዝና ኪራይ እንዴት እንደተከፈለ ይመርምር። ሆኖም ገንዘቡ የት እንደገባ መጠየቅና ልጁ ቆሞ እንዲያመሰግን መጠበቅ አንድ አይደሉም። ልጁ የተበደረው ነገር የለም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች ድጋፍ እንዲያደርግ ያዛል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትም ትምህርትን መብት ይለዋል። መንግሥት ባልደረሰበት ቦታ በጎ አድራጊው ቢገባ የተባረከ ሥራ ነው፤ መብቱን ግን ወደ ውለታ ሊለውጠው አይችልም። በእስልምና ዘካ ከባለጸጋው ሀብት ላይ ለድሃው የተለየ ድርሻ መሆኑም ይህንኑ ያስተምረናል፤ ድርሻውን የወሰደ ሰው ባለዕዳ አይባልም።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አይሁዳዊ ፈላስፋና ሐኪም ማይሞኒደስ ምጽዋትን በስምንት ደረጃ ከፍሎታል። ከታች ያስቀመጠው ፊቱን አጨፍግጎ የሚሰጠውን ነው። ሰጪና ተቀባይ የማይተዋወቁበትን ስጦታ ወደ ላይ ያወጣዋል። ከሁሉም በላይ ያደረገው ግን ተቸጋሪው ዳግመኛ የሰው እጅ እንዳያይ በብድር፣ በሽርክና ወይም በሥራ ራሱን እንዲችል መርዳትን ነው።

በዚህ ሚዛን ስንመዝነው ኬኩ የት ላይ ይውላል? የአንዲት መምህርት የወር ደመወዝስ? ኬኩ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ሰጪው ግን ፎቶግራፉን ይዞ ይሄዳል። ደመወዙ የሚነሣ ፎቶግራፍ የለውም፤ በየወሩ ካልተከፈለ ግን መምህርቷ ትሄዳለች፣ ከእርሷም ጋር የልጁ ትምህርት ይሄዳል። ሸሚዙን ራሱ የቆለፈ ልጅ በዚያች ጠዋት የሰው እጅ አላየም። ለዚያች ጠዋት መክፈል የሚሻ ሰው ገንዘቡን በየወሩ ይላክ፤ ልጆቹን ማየት ከፈለገም ምን ሰዓት እንደሚመቻቸው አስቀድሞ ይጠይቅ። «የኔ ቢጤ» ያልነውን ሰው ቤቱ ስንሄድ ልናደርግለት የሚገባን ይኸው ነውና።