የተለመደ ሁሉ ተፈጥሮ ነውን?

ውድ አንባቢ፣ «ይሄማ የተለመደ ነው!» የሚለውን አነጋገር በቀን ስንት ጊዜ ይሰሙታል? የቤት ኪራይ ሲጨምር፣ እንቅልፍ ሲጎድል፣ ልጅ ሲያስል ለሁሉም ያለን ማጽናኛ ይኸው ነው። አባቶቻችን ግን «ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» ብለው አስጠንቅቀውናል። ለመሆኑ አንድ ነገር ሁሉንም ሰው ስላዳረሰ ብቻ ተፈጥሯዊ ነው፣ ትክክልም ነው ሊባል ይችላልን?

በዚህ ጥያቄ ላይ እንድንወያይ አንድ ምሳሌ ላምጣ። በአገር ቤት ኬሚስትሪ ሳስተምር በአቶም ቁጥሩ 82 ብዬ በሰሌዳ ላይ እጽፈው የነበረው እርሳስ ነው። የተማሪውን መጻፊያ ማለቴ አይደለም፤ የእርሱ ውስጡ የካርቦን ዓይነት ነው። የምናገረው ስለ ከባዱ ብረት ነው።

ክሌር ፓተርሰን የሚባል አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ነበር። በ1922 ተወልዶ በ1995 አረፈ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይህ ሰው የምድርን ዕድሜ ለማወቅ ተነሣ። ዩራኒየም በራሱ ጊዜ ቀስ በቀስ እየፈረሰ መጨረሻው እርሳስ ይሆናል። ዋነኛው የዩራኒየም ዓይነት ግማሹ እስኪለወጥ ድረስ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ በድንጋይ ውስጥ ያለውን እርሳስ አጥርቶ የለካ ሰው የምድርን ሰዓት አነበበ ማለት ነው። ፓተርሰን በአሪዞና በረሃ የወደቀ የሰማይ ድንጋይ ስባሪ መርምሮ፣ በ1956 ባሳተመው ጽሑፍ የምድር ዕድሜ 4.55 ቢሊዮን ዓመት መሆኑን አስታወቀ። ቁጥሩ እስከ ዛሬ ከዚያ እምብዛም ፈቀቅ አላለም።

ሥራው ግን ቀላል አልነበረም። ድንጋዩን በለካ ቁጥር ሊኖር ከሚገባው እጅግ የበዛ እርሳስ ያገኝ ነበር። ከአየሩ፣ ከአቧራው፣ ከዕቃው፣ ከሰው ጸጉር ሳይቀር እየመጣ ይቀላቀልበታል። ላቦራቶሪውን እያጠበና አየሩን እያጣራ ዓመታት ፈጀ። በኋላም ጥያቄው አልለቀቀውም። የባሕርን ውሃ ቢለካ፣ ከላይ ያለው ከጥልቁ ይልቅ እርሳስ በዝቶበታል። የግሪንላንድን በረዶ ከባልደረቦቹ ጋር ቢመረምር፣ በ1960ዎቹ የወረደው ከጥንቱ 200 እጥፍ ያህል እርሳስ ተገኘበት።

የዘመኑ ዋና ምንጭ ቤንዚን ነበር። ከ1923 ጀምሮ ሞተር እንዳያንኳኳ ተብሎ የእርሳስ ውሁድ ይጨመርበት ነበር። የኢንዱስትሪው ሐኪም ሮበርት ኪሆ ለብዙ ዓመታት ሲከራከር፣ እርሳስ በሁሉም ሰው አካል ውስጥ ይገኛል፣ ከከተማ በራቁ የሜክሲኮ ገበሬዎችም ዘንድ አለ፣ ስለዚህ ተፈጥሯዊ ነው፣ ከተወሰነ መጠን እስካላለፈም አይጎዳም ይል ነበር። ፓተርሰን በ1965 የሰጠው መልስ አጭር ነው፤ የተለመደና ተፈጥሯዊ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እዚህ ላይ ያለውን ወጥመድ ልብ ይበሉ። ሁሉም ከታመመ ጤነኛው በምን ይለያል? ቁናው ራሱ የተጓደለ ከሆነ በእርሱ ተሰፍሮ እውነት አይገኝም። ፓተርሰን ከወጥመዱ የወጣው ከዘመኑ ውጭ የሆነ ቁና ስላገኘ ነው፤ የሰማይ ድንጋዩን፣ ጥልቁን ባሕር፣ የጥንቱን በረዶ። ዋጋም ከፍሎበታል። ከነዳጅ ኢንዱስትሪው ያገኝ የነበረው የምርምር ገንዘብ ተቋረጠ፤ በ1971 ስለ አየር እርሳስ ከተቋቋመው የሊቃውንት ጉባኤም ውጭ ተደረገ። እውነቱ ግን አልቀረም። በአሜሪካ እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚን በ1996 ፈጽሞ ታገደ። በመጨረሻ በ2021 አልጄሪያ ስታቆም ከዓለም የመኪና ማደያዎች ሁሉ ጠፋ። በአሜሪካ ሕፃናት ደም ውስጥ ያለው እርሳስም ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ከ90 በመቶ በላይ ቀንሷል። ያ ሁሉ «ተፈጥሮ» ወዴት ሄደ?

«ታዲያ በ1950 ቤንዚን ሞልቶ ልጆቹን ሊያበላ የወጣ ሾፌር በደለኛ ነበርን?» ይሉኝ ይሆናል። አልነበረም። ያላወቀና አውቆ የሸፈነ እኩል አይጠየቁም። ካወቁ በኋላ ግን «የተለመደ ነው» ማለት ምክንያት መሆኑ ይቀርና ምርጫ ይሆናል። ልማድ ሁሉ ይጣል ማለቴም አይደለም። ለቅሶ መድረስ፣ አራስ መጠየቅ፣ ዕድርና ዕቁብ በስደት ያቆሙን ልማዶች ናቸው። መልካም ልማድ ግን ቢመረመር ይጠነክራል እንጂ አይፈራም።

ዛሬ የምነዳት ታክሲ ቤንዚን እርሳስ የለበትም። ከጭስ ማውጫዋ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን አለ። ከፋብሪካ ዘመን በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ 280 ያህሉ እርሱ ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። በአንታርክቲካ በረዶ ውስጥ ታሽጎ የቆየው አየር እንደሚመሰክረው፣ ከዚያ በፊት በነበሩት 800,000 ዓመታት ወደ 300 ከፍ ቢል ነው። ዛሬ የሚወለድ ልጅ ግን ሌላ አየር ስለማያውቅ ለእርሱ ይህ የተለመደ ነው።

እኔ እንጀራዬን የማገኘው በዚህችው መኪና ነው። ኪራዩም፣ ለአገር ቤት የሚላከውም ከእርሷ ነው። ስለዚህ ነገ ቁልፋችሁን ወርውሩ ብዬ አልሰብክም። ነገር ግን ግድ የሆነብኝን ነገር «ተፈጥሮ ነው» ብዬ ማጽደቅ አይገባኝም። ግድ ነው ማለት እውነት ነው፤ ተፈጥሮ ነው ማለት ግን ውሸት ነው። ውሸቱም መፍትሔ የሚፈለግበትን በር ይዘጋል።

ከየቤታችን እንጀምር። በአሜሪካ እርሳስ ያለበት የቤት ቀለም የታገደው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት በተሠራ ቤት የሚኖር ወገን ቀለሙ ሲላጥ፣ አቧራውም በመስኮቱ ደፍ ላይ ሲከማች «የድሮ ቤት ነው፣ የተለመደ ነው» ብሎ አይለፈው። ልጁን ሐኪም ዘንድ ወስዶ ደሙን ያስመርምር። በሕፃን አእምሮ ላይ ጉዳት አያደርስም የሚባል የእርሳስ መጠን እስካሁን አልተገኘም።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ ከእንግዲህ «የተለመደ ነው» ሲሉ ወይም ሲሰሙ አንዲት ጥያቄ ያክሉበት፤ ከመቼ ጀምሮ?

ቸር ይግጠመን።